ከምርቃት ማግሥት ጠመኔ

በ1999 ዓ.ም. ከዳሞት ተራራ ግርጌ፣ ወላይታ ሶዶ ላይ፣ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። መንግሥት በዚያ ሰሞን በአንድ ጊዜ ካቋቋማቸው 13 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባሉት አዳዲስ ግቢዎች ሰሌዳው ፊት የቆመው መምህርና ከፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚበላለጡት በሦስት ወይም በአራት ዓመት ነበር። መምህሩ ባለፈው ክረምት ጥቁር ጋውን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ፣ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ የተነሣ ልጅ ነው። ትምህርት ሲጀመር ግን ተማሪዎቹ ብድግ ብለው ተቀበሉት።

የተቀጠረው በውጤቱ ነው፤ ትምህርቱን ያውቃል። ስልሳ ሰባ ሰው የታጨቀበት ክፍል እንዴት እንደሚያዝ፣ ፈተና እንዴት እንደሚወጣ፣ ያልገባው ተማሪ በምን እንደሚለይ ግን የነገረው የለም። ስለዚህ እሱ ራሱ እንደተማረው ያስተምራል፤ አንዳንዴም በተማረበት በዚያው ሃንድአውት። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቁታል።

በሶዶ የታየው ነገር ከሶዶ አልጀመረም። ሥሩን ለማግኘት ርቆ መሄድ ያስፈልጋል።

## ከ1943 ዓ.ም. በፊት፦ የኔታና አስነጋሪው

ዘመናዊ ኮሌጅ ከመምጣቱ በፊት ሀገሪቱ ከፍ ያለ ትምህርት አልነበራትም ማለት አይቻልም። የቅኔ፣ የዜማ፣ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤቶች ነበሩ። ከሁሉም የሚያስገርመው እነዚህ ቤቶች የራሳቸውን መምህር የሚያፈሩበት መንገድ ነው። በቅኔ ቤት የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የገፋው አስነጋሪ ይሆናል፤ ጀማሪዎቹን ያስጠናል፣ ያርማል፣ የኔታ ያሉትን ደግሞ ያብራራል። ሲሳሳት የሚያርሙት የኔታ በቅርብ አሉ። ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ ነው መምህሩ መርቀውት ሄዶ በሌላ ደብር ወንበር የሚዘረጋው። ወንበር ዘርጊው የመጀመሪያ ቀኑን ሲጀምር ለማስተማር እንግዳ አይደለም፤ ለብዙ ዓመት ሲያስተምር ነው የከረመው።

ወላይታ ወደዚህ ሥርዓት የገባችው ዘግይታ ነው። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፣ ፊደልም ከእነርሱ ጋር መጣ። በ1920ዎቹ መባቻ ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ ደርሰው ኦቶና ላይ ሰፈሩ፤ ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ከፈቱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከሀገር ሲባረሩ የተዉት ምእመን በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። በመካከሉ የተሾመ የውጭ መምህር አልነበረም። ማንበብ የቻለው ላልቻለው እያነበበ፣ ትናንት የተማረው ዛሬ እያስተማረ ነው የተስፋፋው። የሃይማኖቱን ነገር ለባለሙያዎቹ ልተወውና፣ በማስተማር ዓይን ሲታይ ወላይታ ከዩኒቨርሲቲዋ ከስድሳ ዓመት በፊት ይህን ነገር ታውቀው ነበር።

## ከ1943 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ከባሕር ማዶ የመጣ መምህር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር በኢየሱሳውያኑ ማኅበር አባል በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ይመራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኢየሱሳውያኑን ያመጧቸው በአንድ ግዴታ ነው፤ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው ያስተምሩ፣ ሃይማኖታቸውን ግን አይስበኩ። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1946 ዓ.ም. ሲወጡ ኮሌጁን ሊረከቡ የሚችሉ ኢትዮጵያውያን ገና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ መንገዱ ታወቀ፦ ብልኅ የሆነው ይመረቅ፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ይላክ፣ ተመልሶ የፈረንጁን ቦታ ይያዝ።

ያኔ ዓለማያ ትባል በነበረችው ሐሮማያ ላይ ይህ በውል የታሰረ ነበር። የእርሻ ኮሌጁን ያቋቋመው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው ጅማ ላይ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ጃንሆይም በጥር 1950 ዓ.ም. መረቁት። አሜሪካኖቹ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ተተኪ ማፍራትም ነበረባቸው። ኢትዮጵያውያን ለማስተርስና ለዶክትሬት ኦክላሆማ እየሄዱ ተመለሱ፤ በ1960 ዓ.ም. ውሉ ሲያበቃ ኮሌጁ በእነርሱ እጅ ገባ።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የተበታተኑት ኮሌጆች ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ከየትምህርት ክፍሉ አንደኛ የሚወጡትን ማስቀረት ልማድ አደረገ። ግራጁዌት አሲስታንት ይባላሉ፤ በተማሪ አፍ ጂኤ። የሥራው ሐሳብ መልካም ነበር። ጂኤው ከሌክቸረሩ ጋር ሆኖ ቱቶሪያል ይሰጣል፣ ላብራቶሪ ይከታተላል፣ ወረቀት ያርማል፣ እስኮላርሺፑን ይጠብቃል። ቃል በቃል ባይባልም አስነጋሪው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የዘጠነኛ ክፍል አስተማሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በትምህርት ፋኩልቲ ገብቶ ፔዳጎጂ፣ የትምህርት ሥነ ልቡና፣ የማስተማር ዘዴ ይማር ነበር፤ ክፍል ገብቶም ይለማመዳል። የዘጠነኛ ክፍሉን አስተማሪ የሚያስተምረው ግን ከዚህ አንዱም አይጠየቅም። ዕውቀቱ ይበቃል ተብሎ ታመነ። በዓለምም ያለው እምነት ይኸው ስለነበረ ማንም አልተደነቀበትም።

ክፍተቱን በከፊል የሸፈነው ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ለዚህ ብሎ ያላሰበው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ የተመደቡት አስተማሪ ሆነው ነው። ሰላሌም፣ ጎንደርም፣ ሲዳሞም የወረደው ልጅ በሃያ ዓመቱ ጠመኔ ጨበጠ፣ ያልገባው ተማሪ ፊት ላይ የሚታየውን አየ፣ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ። ከእነዚያ አንዱ ጂኤ ሆኖ ሲቀር ቢያንስ አንድ ዓመት አስተምሯል ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ሲነሣ የሚወራው ተማሪው የገበሬውን ኑሮ አይቶ ፖለቲከኛ ሆኖ መመለሱ ነው፤ እውነት ነው። በእኔ ግምት ግን ኮሌጆቹ ከዚያ በኋላ ያን ያህል የተፈተነ ጀማሪ መምህር አላገኙም።

ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ነበሩ። እኚህ ከመጀመሪያዎቹ የኮሌጁ ምሩቃን አንዱ፣ ውጭ ተምረው የተመለሱ፣ የትምህርት ፋኩልቲውን የመሩ ሰው ናቸው። መንገዱ እንደታሰበው ሲሠራ የሚያፈራው ሰው እንዲህ ያለው ነበር።

## ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ በር ሲዘጋ ቤት ውስጥ ማብሰል

አብዮቱ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ወጡ፤ ወላይታም ዘማቾቹን ተቀብላለች። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ነው። ከምሁሩ የሞተው ሞተ፣ የታሰረው ታሰረ፣ ውጭ የነበረው አልመለስም አለ። "ይሄዳል፣ ይማራል፣ ይመለሳል" የሚለው ስሌት ሦስተኛው እግሩ ተሰበረ።

ክፍተቱ በሁለት ነገር ተደፈነ። አንደኛው ከሶቪየት ኅብረት፣ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከኩባ የመጡ መምህራን ናቸው። ሁለተኛው፣ የዘለቀውም ይኸው ነው፣ በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነው። ሀገሪቱ የኮሌጅ መምህሯን ከእንግዲህ በራሷ ቤት ታበስላለች ማለት ነበር። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ዶክትሬትም ተጀመረ።

ዋና መዞሪያው እዚህ ነው፤ ዕድሉ ያመለጠውም እዚሁ። የማስተርሱ ሥርዓት ኮርስ ነበረው፣ ሴሚናር ነበረው፣ ቴሲስ ነበረው። ማስተማር የሚባል ኮርስ አልነበረውም። አብዛኛው ተማሪ ወደ ኮሌጅ ማስተማር እንደሚሄድ እየታወቀ፣ ለዚያ ሥራ የተሰናዳ አንድ ሰዓት እንኳ አልተቀመጠም። ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም። አዲሱ ትምህርት ቤት ማረጋገጥ የነበረበት ዲግሪው ከውጭው እንደማያንስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ማስረጃው ምርምር ነበር። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱም ከንጉሡ ዘመን ጋር አብሮ ስለቀረ ያ ሳይታሰብ የተገኘው ልምምድም የለም።

ለወላይታ ልጅ የዚህ ዘመን ትልቁ ነገር የደቡቡ መንገድ መከፈቱ ነው። በ1979 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከሶዶ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ለነበረበት ሰው ጓሮው እንደመጣለት ነው። ኢንስቲትዩቱ መሐንዲስ ማስተማር ነበረበት፤ የሚያስተምር መሐንዲስ ግን ከየት ይምጣ?

መልሱን በአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1980 ዓ.ም. አንድ የቦሎሶ ሶሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቀና አርባ ምንጭ ጂኤ ሆኖ ተቀጠረ። ሁለት ዓመት አስተማረ። ከዚያ እስኮላርሺፕ አግኝቶ ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ሄደ፤ በሳኒቴሽን ምህንድስና ማስተርሱን ይዞ ተመለሰ። በዚያው ኢንስቲትዩት በማስተማርና በአስተዳደር ዓመታት ሠርቶ እስከ ዲንነት ደረሰ። ኃይለማርያም ደሳለኝ ይባላል፤ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ፖለቲካው ሲነሣ የሚረሳው ነገር፣ ሰውየው የጂኤነት ሥርዓቱ ዓይነተኛ ልጅ መሆኑ ነው፦ ምርቃት፣ ጠመኔ፣ ውጭ ሀገር፣ መመለስ፣ ኃላፊነት። ጠመኔው ከሁለተኛው ዲግሪ ቀደመ። ይህ ቅደም ተከተል የሱ ብቻ አልነበረም።

## ከ1984 እስከ 1995 ዓ.ም.፦ ሰፊ ዕቅድ፣ ጠባብ ወንበር

መንግሥት ሲለወጥ ሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ብላ የምትጠራው አዲስ አበባንና ዓለማያን ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የተሰናበቱት ቁጥር ብቻ ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ጂኤዎች የሚያድጉት በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ጥላ ሥር ስለነበረ፣ የሄደው ከአንድ የመምህር ትውልድ ይበልጣል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን ለሁሉ አዳርሳለሁ አለ። ከታች የተከፈተው በር ከላይ መድረሱ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና ደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ተወለዱ፤ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ አዋሳን፣ ዲላንና ወንዶ ገነትን ያቀፈ ነበር። አርባ ምንጭም ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሶዶ ሌላ ትምህርት ተማረች። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋምኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋሕዶ "ወጋጎዳ" በሚል ስም የተሠራው ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት ሲመጣ ከተማዋ ተነሣች። የሰው ሕይወት ጠፋ። ከተቃወሙት መካከል መምህራን ነበሩ፤ ሰሌዳው ፊት ቆመው ያንን መጽሐፍ ማስተማር የነበረባቸው እነርሱ ናቸውና። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ወላይታም በቀጣዩ ዓመት ከሰሜን ኦሞ ወጥታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። ይህ ከኮሌጅ መምህር ዝግጅት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኘው፣ ሥርዓተ ትምህርት ከላይ ተሠርቶ ለአስተማሪው ሲወርድ፣ አስተማሪው ሳይጠየቅና ሳይዘጋጅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ሶዶ ከማንም ቀድማ ማየቷ ነው።

## 1996 ዓ.ም.፦ መምህሩ ተማሪ የሆነበት ዓመት

ለውጡ ባልተጠበቀ በር ገባ። ትምህርት ሚኒስቴር የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ዝግጅት ደክሟል ብሎ አስጠና፤ ከዚያም ቴሶ ተብሎ የሚታወቀውን የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ አመጣ። ጥናቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሲከተል የደረሰበት ሰው ግን የመምህራኑ መምህር ነው። ተማሪን ማሳተፍ የሚል ትምህርት ለሦስት ሰዓት ቆሞ በማስጻፍ የሚሰጥ መምህር ነበር። እርሱ ሳይለወጥ ከሥሩ የሚወጣው እንዴት ይለወጣል?

ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም ሰው ኤችዲፒ ይለዋል። ስሙ ያሳስታል፤ ማስተርስ ያለው፣ ዶክትሬት ያለውም ሰው ነው "ዲፕሎማ" የሚማረው። አንዳንዱ ይህን እንደ ስድብ ወሰደው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚመሩት ብዙዎቹ ቪኤስኦ በሚባለው ድርጅት በኩል የመጡ የውጭ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን የጨረሱ ኢትዮጵያውያን ተረከቡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኙ ሥራውን ሳያቆም አንድ ዓመት ይከታተላል። ንግግር የሚያደርግለት ሰው የለም፤ ወንበሮቹ በክብ ይደረደራሉ፣ በቡድን ይሠራል፣ ተነሥቶ ያቀርባል። በየጊዜው ስለራሱ አስተማሪነት ይጽፋል፤ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን አልሠራም፣ ለምን? ጽሑፎቹ፣ የትምህርት ዕቅዶቹና የምዘና ሥራዎቹ በአንድ ፖርትፎሊዮ ይጠረዛሉ። መሪው ክፍሉ ድረስ መጥቶ ሲያስተምር ያየዋል። በራሱ ክፍል ከሚታይ ችግር ተነሥቶ አነስተኛ የተግባር ምርምር ይሠራል። ትምህርት ቤት ሄዶም ይቀመጣል፤ የእሱ ምሩቃን የሚሠሩበትን ክፍል በዓይኑ እንዲያይ።

ይህን ከውጭው ዓለም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪዎች ለዘመናት ሳይዘጋጁ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለት የኮሌጆችና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት የወደፊት መምህራንን ከመቀጠራቸው በፊት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ጀመሩ። የኢትዮጵያው ዐሥር ዓመት ብቻ ዘገየ፤ ያን ያህል የሚያሳፍር አይደለም። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። የአሜሪካው ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ያገኘዋል። የኛ ኤችዲፒ የመጣው ሰውየው ተቀጥሮ፣ ምናልባት አምስት ዓመት አስተምሮ፣ ክፉም ደግም ልማድ ከያዘ በኋላ ነው። አዲስ ነገር መማር ሳይሆን የያዙትን መልቀቅ ሆነ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ማጉረምረሙ ብዙ ነበር። ሎዱ ሳይቀነስ የተጨመረ ሥራ ነው፤ ከምስክር ወረቀት ሌላ የሚያስገኘው ጥቅም አይታይም፤ ወንበሩ ከመሬት በተጣበቀበት አዳራሽ ውስጥ የቡድን ሥራ እንዴት ይሠራል? እውነታቸውን ነው። እንዲያም ሆኖ፣ በኤችዲፒ ካለፉ መምህራን ጋር ባወራሁ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ፦ ሌላ መምህር ክፍሌ ገብቶ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር ይላሉ። አሥር ዓመት አስተምሮ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው! የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ይህን ቢሰማ ይገርመዋል።

## ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም.፦ ሶዶ በራሷ ግቢ

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ደረስን። 13 ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ ቁጥሩ በእጥፍ ያህል ሲያድግ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣቸው ማስተርሶች ለነባሮቹም አልበቁም። አዲሶቹ ያላቸው አማራጭ ጂኤ ነበር። የቀድሞው ጂኤ ረዳት ነው፤ አጠገቡ ሌክቸረር አለ። የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ጂኤ ግን የሚረዳው ሰው ስለሌለ ኮርሱን በሙሉ ተሸከመ። በሥራ መደቡ ረዳት ነው፤ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ብቻውን ነው።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚለው ውሳኔ ተጨመረ። መምህር ለማግኘት የሚያስቸግረው የትምህርት መስክ ብዙ ተማሪ የሚጎርፍበት ሆነ ማለት ነው። ጥሩ የምህንድስና ምሩቅ የኮንስትራክሽን ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ ይከፍለዋል። ክፍተቱን ከሞሉት መካከል ከሕንድ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሁሉ ቢያንስ አንዱን ያስታውሳል።

ከዚያ ዑደቱ ጀመረ። ጂኤው አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንዳስተማረ፣ ግዴታ ፈርሞ ለማስተርስ ወደ አዲስ አበባ፣ ሐሮማያ፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ይላካል። ኮርሶቹ ባዶ ይቀራሉ። ባዶውን ለመሙላት አዲስ ጂኤ ይቀጠራል። የመጀመሪያው ተመልሶ ሲመጣ ሁለተኛው ተራው ደርሶ ይሄዳል። ስለዚህ በማንኛውም ሴሚስተር፣ በማንኛውም አዲስ ግቢ፣ ክፍል ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ትናንት የመጣው ነው። ልምድ የሚያካብተው ሰው መንገድ ላይ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰሌዳው ፊት። ብዙዎች ጥፋቱን በጂኤዎቹ ላይ ሲጥሉ እሰማለሁ። ሥርዓቱ ግን ሌላ ነገር ሊያመጣ አይችልም ነበር።

ጂኤውን ያሳደጉት ብዙ ጊዜ ሌሎች ጂኤዎች ናቸው። ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ማታ ማታ የነገውን ትምህርት ተራ በተራ እየተረዳዱ፣ ፈተና እየተለዋወጡ። መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈው የኮሌጅ ማስተማር ኮርስ ይህ ነበር።

የ650/2001 የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ጥራትን፣ የመምህር ማዕረግንና የምርምርን ነገር በስፋት ደነገገ፤ ተቋማቱም ኤችዲፒን ለመምህራን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም መምህር አዳረሱት። ሶዶም እንደ ሌሎቹ። መካኒካል ምህንድስና የሚያስተምረውና ወላይትኛ የሚያስተምረው በአንድ ክብ ተቀምጠው ስለ ተማሪ ምዘና ተከራከሩ። ፕሮግራሙ ሌላ ምንም ባይሠራ ይህን ሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ የያዘው ሕክምና ነው፤ ሶዶ ላይ ደግሞ ቅርብ ለቅርብ ይታያል። ኦቶና ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። እዚያው ከተማ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ደግሞ ሐኪሞችን በአምስት ዓመት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ያደርጋል። በሕክምና ቤት ሬዚደንቱ ከላዩ ካለው ሲኒየር እየተማረ ከሥሩ ያለውን ያስተምራል። ጧት አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ስፔሻሊስት ሆኖ ሲወጣ ለዓመታት ሲያስተምር ነው የኖረው። ነጭ ጋውን ለብሶ የሚዞር አስነጋሪ ነው። ለምን ሒሳብ፣ ታሪክና ምህንድስና ይህን አልወረሱትም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንዱ መልስ፣ ሐኪሙ ሲሳሳት የሚጎዳው ወዲያው ስለሚታይ ነው። የሒሳብ መምህር ስሕተት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማን እንደሠራው አይታወቅም።

## ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ፦ የዞረው ሚዛን

ሞጁል መጣ፣ ተከታታይ ምዘና መጣ፣ አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት መጣ። ሁሉም በኤችዲፒ ቋንቋ ተናገሩ፣ ሁሉም ግን ኤችዲፒ አልነበሩም። ተከታታይ ምዘና የተማሪውን መረዳት በየጊዜው ለማየት የታሰበ ነበር። ስልሳ ተማሪ ያለው መምህር እጅ ሲገባ ግን በየሳምንቱ የሚታረም የኩዊዝ ክምር ሆነ።

እንዲያም ሆኖ ከ1999ኙ ጋር ሲተያይ መልኩ ተለውጧል። ያኔ በጂኤነት የተቀጠሩት ማስተርስ ይዘው፣ አንዳንዶቹ ዶክትሬት ይዘው ተመለሱ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ድኅረ ምረቃ ከፈተ፤ ዳውሮ ታርጫ ላይም ካምፓስ ነበረው። ትናንት ተቀባይ የነበረው ግቢ የሌሎች መምህራን አብሳይ ሆነ። ማስተርሱ ውስጥ ግን በ1971 ዓ.ም. የጎደለው ነገር ዛሬም ይጎድላል፦ ኮርስ አለ፣ ሴሚናር አለ፣ ቴሲስ አለ። ማስተማር የሚለምዱት ከተቀጠሩ በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ከሌላ አቅጣጫ ተፈተሸ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ ግማሽ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተነው ከግማሽ የሚበልጠው አላለፈም። ለድኅረ ምረቃ መግቢያም ሀገር አቀፍ ፈተና መጣ። ከ1943 ጀምሮ የመምህሩ ሥራ የሚለካው በዲግሪው ነበር። አሁን ተማሪው ምን ያህል እንደተማረ ሌላ ሰው የሚለካበት ዘመን ገባ። ነሐሴ ላይ ሶዶ የአዲሱ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ ደስታው በከተማዋ፣ ጭንቀቱ በግቢው።

ከ12ኛ ክፍሉ ፈተና የወጣው ሌላ ነገር ሬሜዲያል ነው። ያላለፉት ግን የተቀራረቡት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ዳግም እንዲማሩ ተወሰነ፤ የሚያስተምሯቸው የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው። ድሮ ለመምህር ይቸገር የነበረ ግቢ መደበኛ ተማሪ ሲያንሰው፣ መምህሩ ሎዱን የሚሞላው በዚህ ሆነ።

በ1999 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቱ ብቻውን ሰሌዳ ፊት የቆመው ጂኤ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ማስተርስ አለው፣ ኤችዲፒ ጨርሷል፣ ጠርዞ ያስቀመጠው ፖርትፎሊዮ መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጥቷል። ለፕሮግራሙ ሲል አንድ ሰሞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። አሁን ሁለተኛ ደረጃው እሱ ዘንድ መጥቷል። ሰሌዳው ላይ የ11ኛ ክፍል ሒሳብ ይጽፋል፤ ዞር ሲል ስልሳ ፊት ያየዋል። ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩን በክብ እንዲያደርጉት ይጠይቃቸዋል።